የጄኔራል ሲኮርስኪ አውሮፕላን በጂብራልታር ባሕር ላይ መውደቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳሉ።

በጂብራልታር ምን ሆነ?

ጁላይ 4 ቀን 1943 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 27 ቀን 1935። ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ገደማ አንድ የብሪታንያ አየር ኃይል ማጓጓዣ አውሮፕላን ከጂብራልታር ወደ እንግሊዝ ለመብረር ተነሣ። በአየር ላይ የቆየው 16 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ባሕር ውስጥ ወደቀ።

አውሮፕላኑ የፖላንድ የስደት መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትርና የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ የነበሩትን ጄኔራል ቭዋዲስዋቭ ሲኮርስኪን ይዞ ነበር። ከ17 ሰዎች 16ቱ ሞቱ። አብራሪው ብቻ ተረፈ። ይህ ሁሉ የሆነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ነው።

ሲኮርስኪ ማን ነበሩ?

በ1881 የተወለዱ የፖላንድ ወታደርና ፖለቲከኛ ናቸው። በ1920 ፖላንድ ከሶቭየት ጦር ጋር ዋርሶ ደጃፍ ላይ ስትዋጋ አምስተኛውን ጦር የመሩት እሳቸው ነበሩ። ከ1922 እስከ 1923 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። በኋላ አገሪቱን የያዙት ሰዎች ገሸሽ አድርገዋቸው ለዓመታት ያለ ሹመት ቆዩ።

በሴፕቴምበር 1939 ጀርመንና ሶቭየት ኅብረት ፖላንድን በሁለት አቅጣጫ ወረሩ። ያኔ ሲኮርስኪ ወደ ፈረንሳይ ተሻገሩና የስደት መንግሥቱን መሠረቱ። ፈረንሳይም በ1940 ስትወድቅ መንግሥታቸውን ይዘው ለንደን ገቡ። አገር የሌለው መንግሥት መምራት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ሠራዊታቸው በየአገሩ ተበትኗል። ሕዝባቸው በሁለት ጨካኝ ኃይሎች ሥር ወድቋል። ከእነ ቸርችልና ሩዝቬልት ጋር እኩል ተቀምጠው ስለ ፖላንድ የሚናገሩት ደግሞ እሳቸው ነበሩ።

ከየት ወዴት እየሄዱ ነበር?

በሜይ 1943 መጨረሻ ከለንደን ወጥተው በመካከለኛው ምሥራቅ ያለውን የፖላንድ ሠራዊት ሲጎበኙ ቆይተዋል። ይህ ሠራዊት የጄኔራል አንደርስ ጦር በመባል ይታወቃል። አብዛኞቹ ወታደሮች ከሶቭየት እስር ቤቶችና ካምፖች ወጥተው በኢራን በኩል ኢራቅ የደረሱ ናቸው። የተራቡ፣ የታመሙ፣ ቤተሰባቸውን ያጡ ሰዎች ነበሩ። በሶቭየት ላይ ያላቸው ቁጣም ከባድ ነበር። ሲኮርስኪ የሄዱት ይህን ሠራዊት ለማበረታታትና በአዛዦቹ መካከል የነበረውን ቅሬታ ለማብረድ ነው።

ጁላይ 3 ቀን ከካይሮ ተነሥተው ጂብራልታር ደረሱ። የጂብራልታር ገዥ የነበሩት ጄኔራል ሜሰን ማክፋርላን በእንግድነት ተቀበሏቸው። በማግስቱ ማታ ወደ ለንደን ጉዞ ቀጠሉ።

ጂብራልታር ላይ ማረፍ ለምን አስፈለገ?

በዚያ ዘመን ከግብፅ ለንደን በአንድ በረራ መድረስ ከባድ ነበር። ጂብራልታር ደግሞ በሜዲትራኒያን መግቢያ ላይ ያለ የብሪታንያ ይዞታ ነው። ነዳጅ ይሞላበታል፣ ሰው ያርፍበታል።

የአውሮፕላን ማረፊያው ድሮ የፈረስ መሮጫ የነበረ ሜዳ ላይ ነው የተሠራው። በጦርነቱ ጊዜ ከቋጥኙ ውስጥ በተፈለፈለ ድንጋይ ባሕሩን እየሞሉ መንደርደሪያውን አስረዘሙት። ስለዚህ አውሮፕላን እዚያ ሲነሣ መንደርደሪያው እንዳለቀ ከሥሩ ያለው ውሃ ነው።

አውሮፕላኑ ምን ዓይነት ነበር?

ሊበሬተር ይባላል። አሜሪካ የሠራችው ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ ነው። ሩቅ ስለሚበር ብሪታንያዎች አንዳንዶቹን ለሰውና ለፖስታ ማጓጓዣ አደረጓቸው። የሲኮርስኪ አውሮፕላን ሊበሬተር ሁለት የሚባለው ዓይነት ሲሆን መለያው ኤኤል 523 ነው። የአየር ኃይሉ 511ኛ ስኳድሮን ንብረት ነበር።

ቦምብ ለመጫን የተሠራ አውሮፕላን ለመንገደኛ አይመችም። መቀመጫው እንደነገሩ ነው። ሻንጣና ፖስታም በየጥጋጥጉ ይታጨቃል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አንድ ነገር ልጨምር። ቸርችል ራሳቸው ይጓዙበት የነበረው ኮማንዶ የተባለ አውሮፕላንም የዚህ ዓይነት ሊበሬተር ነበር። እሱም በማርች 1945 በአትላንቲክ ላይ የደረሰበት ጠፋ። ቸርችል በዚያ ጉዞ አልነበሩም።

ከሲኮርስኪ ጋር እነማን ሞቱ?

ብዙ ጊዜ የሚነሣው የጄኔራሉ ስም ብቻ ነው። ይህ ሁሌም ይቆረቁረኛል። አብረዋቸው ከነበሩት አንዷ አንድያ ልጃቸው ዞፊያ ሌሽኒዮቭስካ ናት። በፖላንድ የሴቶች ረዳት አገልግሎት ውስጥ ታገለግል ነበር፤ በዚህ ጉዞም አባቷን እየረዳች ነበር። የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ታዴዩሽ ክሊሜትስኪ፣ የዘመቻ ኃላፊው ኮሎኔል አንጄይ ማሬትስኪ፣ የጄኔራሉ ረዳት መኮንን ዩዜፍ ፖኒኪዬቭስኪና የግል ጸሐፊያቸው አዳም ኩዋኮቭስኪም ነበሩ። ያን ሌሊት ፖላንድ መሪዋን ብቻ አላጣችም። የጦር አመራሯም አብሮ ሄደ።

ከብሪታንያ በኩል ሁለት የፓርላማ አባላት ሞቱ፦ ኮሎኔል ቪክተር ካዛሌትና ብርጋዴር ጆን ዋይትሊ። ካዛሌት ለሲኮርስኪ የተመደበ አገናኝ መኮንንና የልብ ወዳጃቸው ነበር። ያን ግራሌቭስኪ የሚባል የድብቅ ትግሉ መልእክተኛም ነበር። ከዋርሶ ተነሥቶ ጀርመኖች የያዙትን አውሮፓ አቋርጦ ጂብራልታር የደረሰ ሰው ነው። ያን ሁሉ አደጋ አልፎ ለንደን ለመግባት አንድ በረራ ሲቀረው ሞተ። በጠቅላላው 11 መንገደኞችና 5 የበረራ ባልደረቦች አለቁ።

በእነዚያ 16 ሰከንዶች ውስጥ ምን ተፈጠረ?

አብራሪው ኤድዋርድ ፕርኻል የሚባል ቼክ ነበር። በብሪታንያ አየር ኃይል ውስጥ የሚያገለግል፣ ልምድ ያለው ሰው። እንደ ቃሉ ከሆነ አነሣሡ ደህና ነበር። ትንሽ ከፍ ካለ በኋላ እንደ ልማዱ መሪውን በጥቂቱ ወደ ፊት ገፋ። ይህን የሚያደርገው አውሮፕላኑ ፍጥነት እንዲጨምር ነው። ፍጥነቱ ሲበቃው መሪውን መልሶ ወደ ራሱ ይስባል፣ አውሮፕላኑም ከፍታ መጨመር ይጀምራል።

ያን ዕለት መሪው አልመለስ አለው። በሙሉ ጉልበቱ ቢስበውም ንቅንቅ አላለም። እዚህ ላይ ስለ አሠራሩ ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል። በአውሮፕላኑ ጭራ ላይ ከፍና ዝቅ የሚል ክፍል አለ። አብራሪው መሪውን ሲስብ ይህ ክፍል ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ጭራው ዝቅ ይላል፣ አፍንጫው ቀና ይላል። መሪው ወደ ፊት እንደተገፋ ከተያዘ አፍንጫው አይነሣም። ሞተሮቹ በሙሉ ኃይል እየሠሩ አውሮፕላኑ ወደ ታች ይሄዳል።

ከፍታ ቢኖር ኖሮ ችግሩን ለማጣራት ጊዜ ይገኝ ነበር። ጥቂት አሥር ሜትሮች ላይ ሆኖ ግን ምን ይደረጋል? ፕርኻል ሊወድቁ መሆኑን ሲያይ ሞተሮቹን ዘጋ። ያ ብቻ ነበር በእጁ የቀረው።

ከባሕር ዳርቻው ቅርብ ከሆነ ሌሎቹ ለምን አልዳኑም?

የወደቁት ከመንደርደሪያው ብዙም ሳይርቁ ነው። ያዩ ሰዎች ነበሩ፤ ጀልባም ወዲያው ወጣ። ግን አውሮፕላን በዚያ ፍጥነት ውሃ ሲመታ ውሃው እንደ ድንጋይ ነው። ውስጥ ያለው ሰው በአብዛኛው የሚሞተው በምቱ ነው። ከምቱ የተረፈ ቢኖር እንኳ በጨለማ፣ በተጨማደደ ብረትና በሻንጣ መካከል መውጫ ማግኘት አለበት። አውሮፕላኑም በደቂቃዎች ውስጥ ሰመጠ።

በኋላ ጠላቂዎች ገብተው አስከሬኖችንና የአውሮፕላኑን ስብርባሪ አወጡ። የሁሉም አስከሬን ግን አልተገኘም። ዞፊያ እስካሁን የገባችበት አይታወቅም። ይህ ክፍተት ብዙ ወሬ ወልዷል፤ ከአደጋው በኋላ በሕይወት ታየች የሚሉም ነበሩ። ይህን የሚደግፍ አንድም የተረጋገጠ ነገር የለም። ባሕር ላይ በሚደርስ አደጋ የአስከሬን አለመገኘት በራሱ እንግዳ ነገር አይደለም።

የመጀመሪያው ምርመራ ምን ደረሰበት?

የብሪታንያ አየር ኃይል በቀናት ውስጥ አጣሪ ጉባኤ አቋቋመ። ፖላንዳዊ ታዛቢ መኮንንም ተቀምጦበታል። ጉባኤው ምስክሮችን ሰማ፣ የወጣውን ስብርባሪም አስመረመረ። ውሳኔው ባጭሩ ይህን ይላል። አውሮፕላኑ ከቁጥጥር ውጪ ሆኗል። የጭራው ከፍታ መቆጣጠሪያ በሆነ ቦታ ተይዟል። ለምን እንደተያዘ ግን ከማስረጃውም ሆነ ከስብርባሪው ማወቅ አልተቻለም። አብራሪው ጥፋት የለበትም። አሻጥር ተፈጽሟል የሚያሰኝ ነገርም አልተገኘም።

ጥርጣሬው የተወለደው ከዚህ ውሳኔ ነው። ምክንያቱን አላወቅንም ካላችሁ አሻጥር አይደለም ማለት ከየት መጣ? የፖላንድ መንግሥት ያኔውኑ ያነሣው ጥያቄ ይኸው ነው። መልሱ አላሳመነውም፤ የጉባኤውን ውሳኔም አልተቀበለውም። እኔም ጥያቄው ተገቢ ነበር እላለሁ። አንድ ጉባኤ አላገኘሁም ማለት ይችላል። የለም ለማለት ግን የበለጠ ማስረጃ ያስፈልገዋል።

መሪው ያለ አሻጥር እንዴት ሊያዝ ይችላል?

ከላይ ልብ በሉልኝ ያልኩት ጭነት እዚህ ይመጣል። ከአደጋው በኋላ መንደርደሪያው ላይ አንድ የፖስታ ከረጢት ተገኝቷል። ከዚሁ አውሮፕላን የወደቀ ነው። አውሮፕላኑ ሲንደረደር ከረጢት ወደ ውጭ ከወደቀ፣ ሌላ ጭነትም ከቦታው ተንቀሳቅሶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ከአብራሪው መሪ እስከ ጭራው የሚደርሱት ገመዶች በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ያልፋሉ። የተንሸራተተ ከረጢት ወይም ሻንጣ መቆጣጠሪያው ላይ ቢሰነቀር መሪው ወደ አንድ በኩል ተገፍቶ ሊቀር ይችላል። ከወደቀ በኋላ ደግሞ በምቱና በውሃው ሁሉም ነገር ስለሚበታተን ምልክቱ አይገኝም። ይህ ግምት ነው፣ አልተረጋገጠም። ከቀረቡት ማብራሪያዎች ሁሉ ለአብራሪው ቃል የሚቀርበው ግን ይህ ይመስለኛል።

አብራሪው ብቻውን የተረፈው እንዴት ነው? የመንሳፈፊያ ጃኬቱስ ነገር?

ፕርኻል ቆስሎ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ተገኘና በጀልባ ተነሣ። ከፊት ያለው የአብራሪዎቹ ክፍል ሲሰበር ወደ ውጭ የተወረወረ ይመስላል። ያነሡት ሰዎች የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሶ እንደነበር መሰከሩ። እሱ ደግሞ ሲነሣ አልለበስኩም አለ። አብራሪዎች ጃኬቱን ከአጠገባቸው ያስቀምጡታል እንጂ ሲነሡ አይለብሱትም ነበር፤ ሥራቸውን ያውካቸዋል።

ለብዙ ሰው ዋናው ጥርጣሬ ይህ ነው፤ አስቀድሞ አውቆ ነው የለበሰው ይላሉ። እስቲ ነገሩን አስቡት። አንድ ሰው በሌሊት፣ ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን ሆን ብሎ ባሕር ውስጥ ጥሎ እተርፋለሁ ብሎ ያቅዳል? ረዳት አብራሪው ከጎኑ ተቀምጦ ሞቷል። ጃኬት ከዚህ ዓይነት ምት አያድንም። ጭንቅላቱ የተመታ ሰው በሰከንዶች ውስጥ ያደረገውን አለማስታወሱም የሚያስገርም አይደለም።

ፕርኻል ከጦርነቱ በኋላ ወደ ቼኮስሎቫኪያ ተመለሰ። በ1950 ከኮሚኒስቱ መንግሥት ሸሽቶ ከቤተሰቡ ጋር በአውሮፕላን ወደ እንግሊዝ አመለጠ። ኋላ አሜሪካ ኖሮ በ1984 ሞተ። እስከ መጨረሻው ቃሉን አልቀየረም፦ መሪው ተይዞ ነበር።

ሰው ወዲያው ግድያ ነው ያለው ለምንድን ነው?

ጊዜው ነው። በአፕሪል 1943 ጀርመኖች በስሞሌንስክ አጠገብ በካቲን ጫካ የፖላንድ መኮንኖች የጅምላ መቃብር አገኘን ብለው አወጁ። መኮንኖቹን በ1940 የረሸነው የሶቭየት የጸጥታ ፖሊስ ነበር። በካቲንና በሌሎች ቦታዎች በጠቅላላው 22,000 ገደማ ፖላንዳውያን ተገድለዋል። ሶቭየት ኅብረት ይህን ያመነችው በ1990 ነው። እስከዚያ ጥፋቱን በጀርመን ላይ ታላክክ ነበር።

ሲኮርስኪ ነገሩ ለዓመታት ሲከነክናቸው ቆይቷል። በዲሴምበር 1941 ክሬምሊን ገብተው ስታሊንን ፊት ለፊት ጠይቀውታል። መኮንኖቼ የት ናቸው? ስታሊን ምናልባት ወደ ማንቹሪያ አምልጠው ይሆናል አላቸው። የካቲን መቃብር ሲገኝ የሲኮርስኪ መንግሥት ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል እንዲያጣራ ጠየቀ። ስታሊን ይህን ሰበብ አድርጎ አፕሪል 25 ቀን ግንኙነቱን አቋረጠ። ቸርችልና ሩዝቬልት ደግሞ ሶቭየትን ይፈልጓት ነበር። ጀርመንን በምድር የምትዋጋው በዋናነት እሷ ናት። ፖላንዳውያን ስለ ካቲን ባይናገሩ ይመርጡ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሁለት ወር ከምናምን ሲሆን የሲኮርስኪ አውሮፕላን ወደቀ። ማን አይጠረጥርም?

የሶቭየት አምባሳደር በዚያው ቀን ጂብራልታር ነበር የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ እውነት ነው። በለንደን የሶቭየት አምባሳደር የነበረው ኢቫን ማይስኪ ወደ ሞስኮ ሲሄድ በጁላይ 4 ቀን ጂብራልታር ላይ አርፎ ነበር። ገዥው ሁለቱ እንዳይገናኙ ብዙ ተጨንቀዋል። ማይስኪና ሲኮርስኪ በ1941 የሁለቱን አገሮች ስምምነት የፈረሙ ሰዎች ናቸው። አሁን ደግሞ መንግሥታታቸው ተኳርፈዋል።

ሌላም የሚነሣ ስም አለ፤ ኪም ፊልቢ። በብሪታንያ የስለላ ድርጅት ውስጥ የስፔንና የፖርቱጋልን ጉዳይ የሚከታተለው ክፍል ኃላፊ ነበር። ለሶቭየት ይሰልል እንደነበር የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ሁለቱ እውነታዎች ሲገጣጠሙ ታሪኩ ይጥማል። ነገር ግን ማይስኪም ሆነ ፊልቢ አውሮፕላኑን እንዲነካ ሰው እንዳሰማሩ የሚያሳይ ማስረጃ እስካሁን አልወጣም።

ቸርችል ናቸው ያስገደሏቸው የሚለውስ ከየት መጣ?

መጀመሪያ ያራገበው የናዚ ጀርመን ፕሮፓጋንዳ ነው። አደጋው እንደተሰማ ብሪታንያ ወዳጇን ገደለች ብለው ነዙት። ዓላማቸው ግልጽ ነው፤ በተባባሪዎቹ መካከል ጠብ መዝራት።

ወሬው በ1967 እንደገና ነፍስ ዘራ። አንድ የጀርመን ጸሐፌ ተውኔት ቸርችልን የሚወነጅል ቲያትር አቀረበ። አብራሪው ፕርኻል እንደ ግብረ አበር በመታየቱ ለንደን ውስጥ በስም ማጥፋት ከሰሰና በ1972 ረታ። በ1943 የሞቱበት ሰዎች አንሰውት፣ ሃያ ምናምን ዓመት ቆይቶ በነፍሰ ገዳይነት መጠርጠር ምን ያህል እንደሚያም አስቡት። ቸርችል ደግሞ ሲኮርስኪን ያከብሩ ነበር፤ በፓርላማ ቆመውም አዝነውላቸዋል። በዚያ አውሮፕላን ሁለት የራሳቸው ፓርላማ አባላትም ሞተዋል።

በሲኮርስኪ ላይ ከዚያ በፊት ሌላ አደጋ ደርሶ ነበር?

ደርሶ ነበር። በ1942 መጨረሻ ከካናዳዋ ሞንትሪያል ሲነሡ የአውሮፕላኑ ሞተሮች ኃይል አጡ። አብራሪው እንደምንም አሳርፎ ሁሉም ተረፉ። ብዙዎች ይህን ከጂብራልታሩ ጋር እያያያዙ የተከታታይ ሴራ ምልክት ያደርጉታል። ግን በጦርነቱ ጊዜ ማጓጓዣ አውሮፕላኖች ያለ ዕረፍት ይበሩ ነበር፤ አደጋም የተለመደ ነበር። ደጋግሞ የበረረ ሰው ደጋግሞ አደጋ ቢገጥመው አይገርምም።

የት ተቀበሩ?

አስከሬናቸው ኦርካን በተባለ የፖላንድ የጦር መርከብ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ይህ መርከብ ራሱ በዚያው ዓመት በኦክቶበር በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመትቶ ከአብዛኞቹ ባሕርተኞቹ ጋር ሰጠመ። ሲኮርስኪ ኒውአርክ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ፣ በፖላንድ አየር ኃይል ሟቾች መካከል ተቀበሩ። ፖላንድ ነፃ እስክትሆን እዚያ ማረፍ ነበረባቸው።

የጠበቁት 50 ዓመት ነው። የኮሚኒስቱ አገዛዝ ከወደቀ በኋላ፣ በሴፕቴምበር 1993፣ አፅማቸው ወደ ክራኮቭ ተወስዶ በቫቬል ካቴድራል ከነገሥታቱና ከጀግኖቹ ጎን አረፈ። ጂብራልታር ላይም መታሰቢያ አላቸው።

ሞታቸው በፖላንድ ላይ ምን ለውጥ አመጣ?

ሁለቱን ሥልጣን አንድ ሰው አልወረሰውም። ስታኒስዋቭ ሚኮዋይቺክ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ካዚሚዬሽ ሶስንኮቭስኪ ደግሞ ጠቅላይ አዛዥ ሆኑ። ሁለቱ በሶቭየት ጉዳይ አይስማሙም ነበር። በውጭም እንደ ሲኮርስኪ የሚደመጥ ሰው ጠፋ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር መጨረሻ ቴህራን ላይ ስታሊን፣ ቸርችልና ሩዝቬልት ስለ ፖላንድ ድንበር ሲነጋገሩ ፖላንዳዊ አልነበረም።

እሳቸው ቢኖሩ ይቀየር ነበር? ብዙ አይመስለኝም። ምሥራቅ አውሮፓን የያዘው የሶቭየት ጦር ነው፤ ይህን አንድ ሰው አይመልሰውም። የተከፋፈለው የስደት መንግሥት ግን በአንድ ድምፅ ይናገር ነበር ብዬ አምናለሁ።

በ2008 መቃብራቸው ለምን ተከፈተ? ምን ተገኘ?

ሲኮርስኪ ከመነሣታቸው በፊት ተገድለው ነበር የሚል ወሬ ለዓመታት ሲናፈስ ኖሯል። አንዱ ተተኩሶባቸዋል ይላል፣ አንዱ ታንቀዋል፣ አንዱ ተመርዘዋል። የፖላንድ ብሔራዊ መታሰቢያ ተቋም በ2008 ምርመራ ከፈተና በኖቬምበር ወር አፅማቸው ወጥቶ ተመረመረ።

በ2009 መጀመሪያ ውጤቱ ተገለጸ። የሞቱት በአውሮፕላን አደጋ በሚደርስ ዓይነት ጉዳት ነው፤ ብዙ የውስጥ አካላቸው ተጎድቷል። የጥይት፣ የመታነቅ ወይም የመርዝ ምልክት አልተገኘም። በ2010 የክሊሜትስኪ፣ የማሬትስኪና የፖኒኪዬቭስኪ አፅምም ተመርምሮ ተመሳሳይ ነገር ታየ። ስለዚህ አስቀድመው ተገድለው ነው የሚለው ወሬ ተዘግቷል።

ታዲያ በመጨረሻ አደጋ ነው ወይስ አሻጥር?

የአፅም ምርመራው ሰዎቹ እንዴት እንደሞቱ ነው የነገረን። አውሮፕላኑ ለምን እንደወደቀ አይነግረንም። ሁለቱን ጥያቄዎች ማምታታት ብዙ ጭቅጭቅ አስነሥቷል። አሻጥር ነው የሚሉት አንድ ጠንካራ ነጥብ አላቸው። በ1969 በብሪታንያ መንግሥት ውስጥ ሰነዶቹ እንደገና ሲታዩ የጂብራልታሩ ጥበቃ ልል እንደነበር፣ አውሮፕላኑን ሊነካ የፈለገ ሰው ዕድል ሊያገኝ ይችል እንደነበር ተጽፏል።

እኔ ግን ወደ አደጋው አደላለሁ። አውሮፕላን ሊያጠፋ የፈለገ ሰው ቦምብ ያስቀምጣል፤ መሀል ባሕር ላይ ሲደርስ ይፈነዳል፣ ማስረጃውም አብሮ ይሰጥማል። መሪው ልክ ከተነሣ በኋላ እንዲያዝ፣ ሲንደረደር ግን ደህና እንዲሆን አድርጎ ማበላሸት በጣም ረቂቅ ሥራ ነው። ያውም ብዙ ዓይን በሚያይበት፣ ጠላቂ በቀላሉ በሚደርስበት ውሃ ላይ። ከቦታው የተንቀሳቀሰ ጭነት ግን ይህን ሁሉ ያለ ማንም እጅ ያደርገዋል።

የፖላንድ መርማሪዎች መዝገባቸውን በ2013 ዘጉ። አሻጥር መፈጸሙን የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ አላገኙም፤ ሙሉ በሙሉም ሊያስወግዱት አልቻሉም። የመቆጣጠሪያው ገመድ የት ላይ፣ በምን እንደተያዘ ከ1943ቱ ጉባኤ ወዲህ ያረጋገጠ የለም።